ጥቂት መሆን ብቻውን ዋጋ አይሆንም

ይህች ሳንቲም በእጁ ያለች ሰው ሚሊየነር ነው የሚሉ ቪዲዮዎች ከስልክ ስልክ ይዞራሉ። ማስረጃቸው አንድ ነው፦ የተመታችው በጥቂቱ ስለሆነ ውድ ናት። አባባሉ ተራ ስህተት ብቻ ቢሆን ዝም ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር። ግን የደሃ ኪስ ያራቁታል።

ካኮን ለምሳሌ መውሰድ ይቻላል። ሰኞ የገበያ ቀን ነው። ከበና መንደር የመጣ አንድ ወጣት ፍየሉን ሸጠ እንበል። ከአያቱ ሳጥን ያገኛትን አሮጌ ሳንቲም «ለማስመዝገብ» የፍየሉን ገንዘብ አይቶት ለማያውቀው ደላላ በሞባይል ላከ። ፍየሉ ሄደ፤ ገዢው ግን አልመጣም። መልሱ ግን እዚያው ገበያ ውስጥ ነበር። አንድ እግር ሸበጥ ከሙሉ ጥንድ ይልቅ ብርቅ ነው፤ ማን ይገዛዋል?

ለዚህ የአገራችን የገንዘብ ታሪክ ራሱ ምስክር ነው። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ የራሳቸውን ብር ፓሪስ አስመቱ፤ የመጀመሪያው 1887 ዓ.ም. የሚል ቀን ተጽፎበታል። ክብደቱም የብር ይዘቱም ከማርትሬዛው ጠገራ ብር ጋር ተቀራራቢ ነበር። የተመታው ሁሉ ተደምሮ ግን ሁለት ሚሊዮን እንኳ አይሞላም። ማርትሬዛ በበኩሉ ንግሥቲቱ ከሞቱበት ከ1780 እ.ኤ.አ. ወዲህ ቀኑ ሳይቀየር እየተመታ ከ300 ሚሊዮን በላይ ደርሷል።

በጥቂትነት ቢሆን አሸናፊው የምኒልክ ብር በሆነ ነበር። ከከተማ ወጣ ሲል ግን ገበሬውና ሲራራ ነጋዴው የመረጠው ማርትሬዛን ነው። በንግሥቲቱ ጌጥ ላይ ያሉትን ዕንቁዎች እየቆጠረ ይቀበላል፤ አንበሳ ያለበትን ግን ያገላብጥና ይመልሳል። ምክንያቱ አገር መጥላት አልነበረም። ማርትሬዛን ነገ ሌላ ሰው እንደሚቀበለው ያውቃል፤ ብዛቱ ራሱ ዋስትና ሆኖለታል። ፋሺስት ኢጣሊያ እንኳ ለወረራው ስትዘጋጅ የማርትሬዛን ቅርጽ ከኦስትሪያ ወስዳ ሮም ውስጥ በሚሊዮኖች አስመትታለች፤ በሊሬ ብቻ እንደማይሆንላት ገብቷት ነበር።

ያ የግብይት ዋጋ ነው፣ የሰብሳቢዎች ገበያ ሌላ ነው የሚል ይኖራል። ልክ ነው፤ ግን እዚያም ሕጉ ያው ነው። አሜሪካ በ1931 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ 866,000 የአንድ ሳንቲም ፍራንክ መታች። በ1914 ዴንቨር ውስጥ የተመታው 1,193,000 ነበር። ዛሬ የሚወደደው ቁጥሩ የሚበልጠው የ1914ቱ ነው። ለምን? በ1931 ሰብሳቢዎች ጥቂት መሆኑን ሰምተው ገና አዲስ ሳለ አስቀመጡት፤ ስለዚህ ብዙው ተረፈ። የ1914ቱ ግን ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር አለቀ። የተመታው ሌላ፣ የተረፈው ሌላ፣ የሚፈለገው ደግሞ ሌላ ነው።

የምኒልክ ብር ዛሬ ከማርትሬዛ የበለጠ እንደሚያወጣም አይካድም። ይህ ግን ክርክሩን ያጠናክረዋል እንጂ አያፈርሰውም። ያኔም ጥቂት ነበር፤ ዛሬም ጥቂት ነው። የተለወጠው ፈላጊው ነው። ያኔ ገበሬው አልፈለገውም፤ ዛሬ ሰብሳቢው ይፈልገዋል።

ስለዚህ ሳንቲም ያለው ሰው «ስንት ተመታ?» ብሎ መጀመር የለበትም። ማን ይፈልገዋል? ስንትስ ተርፏል? የእኔው ምን ያህል አልተፋቀም? ተመሳሳዩ በትክክል ስንት ተሸጠ? ጥያቄዎቹ እነዚህ ናቸው። የመጨረሻው በተለይ ይሰመርበት፤ የተጠራ ዋጋና የተከፈለ ዋጋ አንድ አይደሉም። አንድ ሰው ኢንተርኔት ላይ ሚሊዮን ብር ስለጻፈ ሚሊዮን ብር አልተከፈለም።

እነዚያን ቪዲዮዎች «ለመረጃ ያህል» ብሎ የሚያሰራጭም ከተጠያቂነት አያመልጥም። አዲስ አበባ ላይ ሳቅ የሆነ ነገር ካኮ ሲደርስ ፍየል ያስሸጣል።

እውነተኛ የሳንቲም ገዢ ገንዘብ ይከፍላል እንጂ አይጠይቅም። መጀመሪያ ክፈል የሚል ሰው የሚፈልገው ሳንቲሙን ሳይሆን ፍየሉን ነው።