ቤትን የሚያስጌጥ ዕቃ ምንጩ ይታወቅ

የሰው ልብ ምን እንደሚወድ ለማወቅ የሚሻ ሁሉ የእልፍኙን ግድግዳ ይመልከት። ከጥቂት ዓመታት በፊት በብዙ ከተሞች እንደ ሥልጣኔ ይቆጠር የነበረው ልማድ፥ ግድግዳን ነጭ ቀብቶ ጥቂት ወንበር ካኖሩ በኋላ የቀረውን ባዶ መተው ነበር። ዛሬ ግን ቤትን በአሮጌ ዕቃ፥ በምንጣፍ፥ በሥዕልና በስፌት ከወለል እስከ ጣራ ሞልቶ ማስጌጥ የሚወደዱ ሰዎች በዝተዋል። ነገሩ የባለቤቶቹ ምርጫ ብቻ መስሎ ሊታይ ይችላል፤ ነገር ግን አሮጌው ዕቃ የሚገዛውና የሚሸጠው በነጋዴ እጅ፥ ድንበር የሚያልፈውም በሹም ፈቃድ ስለ ሆነ፥ ለእነዚህ ለሁለቱ ወገኖች በተለይ ልናሳስበው የምንወደው ነገር አለ።

በቅርቡ ለጉዳይ ወደ ኡጋንዳ ዋና ከተማ ወደ ካምፓላ በሄድን ጊዜ፥ ከከተማው መካከል በስተሰሜን ምሥራቅ በሚገኘው በንቲንዳ ሰፈር የሚኖሩ አንድ የአገራችን ሰው ለምሳ ጠሩን። እልፍኛቸው ባንድ እይታ ታይቶ የሚያልቅ አልነበረም። በአንደኛው ግድግዳ ላይ የአገሩ የቅርፊት ልብስ እንደ መጋረጃ ተዘርግቶ፥ በላዩ አገልግልና ሙዳይ፥ አሮጌ መስተዋትና የግድግዳ ሰዓት ተሰቅሎበታል። ከሥሩ መሶብ፥ የእንጨት ሣጥን ያለው ራዲዮና የጀበና ረከቦት ተደርድረዋል። እኛም ስንደነቅ አይተው፥ «ይህ አገልግል እናቴ ስንቅ የቋጠሩልኝ ነው፤ ይህን ሰዓት ደግሞ ከዚሁ ገበያ ተሰብሮ አግኝቼ ራሴ ጠገንሁት» እያሉ የእያንዳንዱን ታሪክ ነገሩን።

በመጨረሻም በመስታወት ክፈፍ ውስጥ የተሰቀለ፥ በቀይና በጥቁር ቀለም የተጻፈ አንድ የብራና ቅጠል አየን። «ይህስ ከየት መጣ?» ብንላቸው፥ «እርሱን ከአንድ ሻጭ ገዛሁት፤ ጥንታዊ ነው ብሎኛል፤ ከየት እንዳመጣው ግን አልጠየቅሁትም» አሉን። ስለ አንድ የተሰበረ ሰዓት ያን ያህል የተናገሩ ሰው ስለ ብራናው ከዚህ በላይ የሚሉት አልነበራቸውም።

ይህን ስንል ቤትን መሙላት ነውር ነው ማለታችን አይደለም። የሐረርን የጁገልን ቤት ያየ ሰው ብዛት ውበት ሊሆን እንደሚችል ያውቃል። በዚያ እልፍኝ ውስጥ «ነደባ» የሚባሉት ከፍታቸው የሚለያይ አምስት መደቦች አሉ፤ የቤቱ ጌታ፥ እንግዳውና ወጣቱ እንደየማዕረጋቸው ይቀመጡባቸዋል። መደቡ በቀይ አፈር ይቀባል፤ ቅላቱም በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ጦርነት ለወደቁት መታሰቢያ ነው እየተባለ ይነገራል። ግድግዳው በስፌት፥ በሳሕንና በእንጨት ገበታ የተሞላ ነው፤ ከእነዚህም ብዙው ነጋዴ ከባሕር ማዶ ያመጣው፥ ብዙው ደግሞ የቤቱ ሴቶች የሰፉት ነው። ሁሉም ስፍራ አለው፤ ሁሉም ከማን እንደ መጣ ይታወቃል። ከተማዋ ከነግንቧ በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስ መዝገብ ስትገባም፥ ይህ የቤት አሠራር ከክብሯ አንዱ ነበር።

የኡጋንዳውም የቅርፊት ልብስ እንዲሁ ነው። የቡጋንዳ ባለሙያዎች ሙቱባ ከሚባለው ዛፍ ቅርፊቱን ገፈው በእንጨት መዶሻ እየቀጠቀጡ ያሰፉታል። የተገፈፈውንም ግንድ በሙዝ ቅጠል ይጠቀልሉታል፤ ዛፉም ሳይሞት ሌላ ቅርፊት ያወጣል። ይህም ጥበብ በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ ዘንድ ከሰው ልጅ ታላላቅ ቅርሶች አንዱ ተብሎ ታውጇል። እንዲህ ያለውን ልብስ ገዝቶ ግድግዳ ላይ የሚሰቅል ሰው ሠሪውን ያኖራል እንጂ ማንንም አይጎዳም።

የብራናው ቅጠል ግን እንደ ሙቱባ ቅርፊት ተመልሶ አይበቅልም። ከጥራዙ ሲቀደድ አንድ መጽሐፍ ጎደለ፤ አንባቢውም ከመካከል ላይ ይቆማል። የመጽሐፉ ባለቤት የሆነው ደብር ስም ብዙውን ጊዜ የሚጻፈው በመጀመሪያው ወይም በመጨረሻው ቅጠል ስለ ሆነ፥ ከመካከል የተቀደደው ብቻውን ሲገኝ የማን እንደ ሆነ የሚመሰክርለት አይኖርም። ገዢው ባይገዛው ኖሮ ዓይጥ ይበላው ነበር የሚሉ አሉ። ለተጣለ መጽሐፍ ይህ ክርክር ያስኬድ ይሆናል፤ ገበያ አገኘሁ ተብሎ ለተቀደደ መጽሐፍ ግን አያስኬድም። ተቀባይ ባይኖር ሌባ ባልኖረ ነበርና።

በስደት ያለ ቤት ግን የአገርን ዕቃ ጠባቂ ሊሆን እንደሚችል የአቶ ሲራክ አስፋው ሥራ ያስረዳል። እኚህ ሰው በሆላንድ አገር በሮተርዳም ሲኖሩ፥ በ1998 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አንድ እንግዳ ባመጣው ሻንጣ ውስጥ ከጨለቆት ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን የጠፋውን የ18ኛው መቶ ዓመት ዘውድ አገኙ። ዘውዱን ለጌጥ አልሰቀሉትም፤ አልሸጡትምም፤ 21 ዓመት ያህል ደብቀው ጠበቁት። የዘገዩበትም ምክንያት ቢመልሱት እንደ ገና እንዳይጠፋ ስለ ሠጉ ነበር። ዘውዱ በየካቲት ወር 2012 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ። ለሹማምንት ይህ ታሪክ ምስጋናም ወቀሳም አለበት፤ አደራ ይዞ የመጣ ሰው አደራ ተቀባዩን እስኪያምን ድረስ ሃያ አንድ ዓመት መጠበቅ አይገባውም ነበር።

ስለዚህ ነጋዴው አሮጌ ዕቃ ሲሸጥ፥ ዕቃው ምን እንደ ሆነ፥ ከማንና በየትኛው ቀን እንደ ገዛው የሚገልጽ ደረሰኝ ይስጥ። አዲሱን በጢስ አጥቁሮ «ጥንታዊ ነው» ማለቱንም ይተው፤ ዛሬም ብራና የሚፍቁና የሚጽፉ ባለሙያዎች አሉና፥ የእነርሱን ሥራ አዲስ ነው ብሎ ቢሸጥ ክብሩ አይቀንስም። ሹሙ ደግሞ በየደብሩና በየመስጊዱ ያለውን ዕቃ ከነፎቶግራፉ በመዝገብ ያስፍር፤ ያልተመዘገበ ዕቃ ሲጠፋ በምን ማስረጃ ይጠየቃል? የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ደንግጓል፤ አዋጁ የሚሠራው ግን መዝገብ ሲኖር ነው። በቅን ልብ ገዝቶ ኋላ ሊመልስ የሚመጣውንም ሰው እንደ ሌባ ሳይሆን እንደ ባለአደራ ይቀበለው።

የንቲንዳው አስተናጋጃችን ከምሳ በኋላ ክፈፉን አውርደው በሣጥን አኖሩት። ባለቤቱ ይገኝ እንደ ሆነ ለሚያውቁ ሰዎች እንደሚያሳዩትም ነገሩን። የእናታቸው አገልግልና የጠገኑት ሰዓት ግን በስፍራቸው አሉ፤ ቤቱም እንደ ሞላ ነው። እኛም ቤታችንን እንሙላ፤ የምንሞላው ግን የሌላውን ቤት ባዶ አድርገን እንዳይሆን እንጠንቀቅ።