ቤሊዝ፦ በፓስፖርት ቀን የሚወሰን የብሔራዊ ቡድን ዕጣ

ከሜክሲኮና ከጓቲማላ ጋር የምትዋሰነው ቤሊዝ የሕዝቧ ቁጥር 400 ሺሕ ገደማ ነው። እግር ኳስ በነገሠበት የማዕከላዊ አሜሪካ ቀጣና የቅርጫት ኳስ ሰፊ ተወዳጅነት ካገኘባቸው ሀገራት አንዷ ናት። የወንዶች ብሔራዊ ቡድኗ ዕጣ ግን በሜዳ ላይ ብቻ አይወሰንም፤ ተጫዋቹ ፓስፖርት ያወጣበት ቀንም ወሳኝ ነው።

የጉዳዩ መነሻ ከስፖርት ውጭ ነው። እ.ኤ.አ በጥቅምት 1961 ሃቲ የተሰኘው አውሎ ነፋስ በወቅቱ ብሪቲሽ ሆንዱራስ ትባል የነበረችውን ቅኝ ግዛት ዋና ከተማ ቤሊዝ ሲቲን አፈራረሰ፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎችም ሞቱ። ከጊዜ በኋላ የመንግሥት መቀመጫ ከባሕሩ ርቃ ወደተገነባችው ቤልሞፓን ተዛወረ። ብዙ ነዋሪዎች ግን የተሻገሩት ወደ አሜሪካ ነበር፤ በሎስ አንጀለስና በኒው ዮርክ ሰፋፊ የቤሊዛውያን ማኅበረሰቦች ተመሠረቱ። ሀገሪቱ በ1981 ነፃነቷን ስትቀዳጅ የቤተሰብ ሐረጓ በሁለት ሀገር ተዘርግቶ ነበር። ልጆቻቸው ያደጉትም የቅርጫት ኳስ ሜዳ በየሰፈሩ፣ አሠልጣኝ በየትምህርት ቤቱ በሚገኝባቸው ከተሞች ነው።

ከእነዚህ ልጆች ስሙ ጎልቶ የወጣው ሚልት ፓላሲዮ ነው። በሎስ አንጀለስ ከቤሊዛውያን ወላጆች የተወለደው ይህ ተጫዋች ከ1999 ጀምሮ ቦስተንንና ቶሮንቶን ጨምሮ ለበርካታ የኤን ቢ ኤ ቡድኖች ተሰልፏል፤ የቤሊዝንም ማሊያ ለብሷል። ቡድኑ በ1998 የካሪቢያን ማኅበረሰብ ሀገራትን ሻምፒዮና ማሸነፉ ለእንዲህ ያለች ትንሽ ሀገር ቀላል ስኬት አልነበረም።

እንዲህ ያሉ ልጆችን በብዛት ማሰለፍ ግን እንደሚታሰበው ቀላል አይደለም። በዓለም አቀፉ የቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን፣ በፊባ፣ ደንብ መሠረት አንድ ብሔራዊ ቡድን 16 ዓመት ከሞላው በኋላ ዜግነት ያገኘ ተጫዋች ማሰለፍ የሚችለው አንድ ብቻ ነው። በትውልድ የዜግነት መብት ኖሮት ይህንኑ መብት ከ16 ዓመቱ በፊት ያልጠየቀ ተጫዋችም የሚታየው በዚሁ ዓይን ነው። የቤሊዝ ሕገ መንግሥት ከነፃነት በኋላ በውጭ ሀገር የተወለደን የዜጋ ልጅ ከተወለደበት ቀን ጀምሮ ዜጋ ያደርገዋል። ፊባ ግን የሰነዱን ቀን ይመለከታል። በሀገሩ ሕግ ሙሉ ዜጋ የሆነ ወጣት በሜዳ ላይ እንደ ባዕድ የሚቆጠረው በዚህ ምክንያት ነው።

ደንቡ ያለ ምክንያት አልወጣም። ገንዘብ ያላቸው ሀገራት ምንም የዘር ግንኙነት የሌላቸውን ተጫዋቾች በችኮላ ዜጋ እያደረጉ ቡድን እንዳይሸምቱ ለመግታት የታሰበ ነው። ሆኖም ዜግነትን በገንዘብ የሚያድል ሀብታም ሀገርና ልጆቿ በስደት የተበተኑባት ድሃ ሀገር በአንድ ሚዛን መመዘናቸው ፍትሐዊ አይመስልም። በማዕከላዊ አሜሪካ ውድድር ከቤሊዝ ጋር የምትመደበው ሜክሲኮ ከ120 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ አላት፤ ተጫዋች ፍለጋ ከድንበሯ መውጣት አያስፈልጋትም።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያውያንም ሩቅ አይደለም። ኢትዮጵያ ጥምር ዜግነት ስለማትፈቅድና ለትውልደ ኢትዮጵያውያን የሚሰጠው መታወቂያም ፓስፖርት ስላልሆነ፣ በአሜሪካ ኮሌጆች ለሚጫወት የኢትዮጵያውያን ልጅ ጥያቄው ከቤሊዛዊው እኩያው ይልቅ ይከብዳል።

ለቤሊዝ ግን መፍትሔው ያን ያህል ውድ አይደለም። ብዙውን ጊዜ ብሔራዊ ቡድኖች በውጭ ያደገን ተጫዋች የሚፈልጉት በኮሌጅ ስሙ ከተጠራ በኋላ፣ ማለትም ሃያ ዓመት ካለፈው ወዲያ ነው፤ ያኔ ቀኑ አልፏል። ቤሊዝ በሎስ አንጀለስ ቆንስላ አላት። ለ12 ዓመት ልጅ ፓስፖርት ማውጣት የወላጅን ፊርማ፣ የልደት ምስክር ወረቀትና የአገልግሎት ክፍያ ይጠይቃል፤ ልጁ ኳስ ተጫዋች ይሁን አይሁን በዚያ ዕድሜ ማንም ባያውቅም እንኳ።