ቡናው ከእኛ፣ ዋጋው ከሩቅ፤ እስከ መቼ?

አንድ ሕዝብ ከተፈጥሮ ሀብቱ የሚያገኘው ጥቅም የሚወሰነው ሀብቱ ከምድር ወጥቶ ለተጠቃሚው እስኪደርስ ድረስ በሚያልፍባቸው የሥራ ደረጃዎች ውስጥ ባለው ድርሻ ነው። ይህ እውነት በጅማና በዙሪያዋ ባሉት የቡና ከተሞች ጎልቶ ይታያል። የኪቶ ፉርዲሳ ነዋሪ የቡና ወራት በደረሰ ቁጥር ጆንያ የጫኑ መኪናዎች ወደ አዲስ አበባ ሲያቀኑ ያያል። ጭነቱ የአጋሮ፣ የሊሙ፣ የጌራና የመና ገበሬ የላብ ውጤት ነው። የዋጋው መነሻ ግን የቡና ዛፍ ከማይበቅልበት ከኒውዮርክ ገበያ ይመጣል። ይህ ለምን ሆነ? ምንስ ማድረግ ይገባናል? ብሎ መጠየቅ የገበሬው ብቻ ሳይሆን፣ ኑሮው ከቡና ጋር የተሳሰረው የከተማ ሠራተኛና የቀበሌ ነዋሪ ሁሉ ተግባር ነው።

በቅድሚያ የምንገኝበትን ሁኔታ እንመርምር። በ2016 በጀት ዓመት አገራችን 298 ሺህ ቶን ያህል ቡና ወደ ውጭ ልካ 1.4 ቢሊዮን ዶላር ገደማ አገኘች። በ2017 በጀት ዓመት መጠኑ ከ460 ሺህ ቶን፣ ገቢው ደግሞ ከ2.6 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሆነ። ይህ የሚያኮራ ውጤት ነው። ይሁን እንጂ ኩራት ምርመራን ሊተካ አይገባም። በየካቲት 2017 ዓ.ም በዓለም ገበያ የአንድ ፓውንድ ቡና ዋጋ ከ4 ዶላር በላይ ሲወጣ ከዋነኞቹ ምክንያቶች አንዱ በብራዚል የደረሰው ድርቅ ነበር። በሌላ አገር ድርቅ የከበረ ገበያ በሌላ አገር ዝናብ ሊረክስ እንደሚችል ለአፍታም መዘንጋት የለብንም።

ታሪክም ይህንኑ ይመሰክራል። በሐምሌ 1967 ዓ.ም ውርጭ የብራዚልን የቡና እርሻዎች ባቃጠለ ጊዜ፣ ዋጋው በተከታዮቹ ሁለት ዓመታት እጅግ ናረ። በ1981 ዓ.ም በዓለም አቀፉ የቡና ስምምነት የተመሠረተው የኮታ ሥርዓት ሲፈርስ ዋጋው ወደቀ። በ1994 ዓ.ም መባቻ ደግሞ የአንድ ፓውንድ ዋጋ ከግማሽ ዶላር በታች ወረደ። በእነዚያ ክፉ ዓመታት ቡናውን ነቅሎ ጫት የተከለ ገበሬ ጥቂት አልነበረም። የቡና ችግኝ ተተክሎ ፍሬ እስኪሰጥ ሦስትና አራት ዓመት ያስጠብቃል፤ ዋጋ ግን በአንድ ሌሊት ይገለበጣል። የአምራቹ መሠረታዊ ችግር የሚመነጨው ከዚህ አለመጣጣም ነው።

ተፈጥሮ ለዚህ አካባቢ አልነፈገችም። የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደጋማ ደን የዓረቢካ ቡና የትውልድ ቦታ ነው። ዝናቡ ረጅም፣ አፈሩ ለም፣ የዛፉ ጥላ ተስማሚ ነው። የነፈገው የመልክዓ ምድሩ ርቀትና የመንገዱ ታሪክ ነው። ከጅማ እስከ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በመካከሉም የጊቤ ሸለቆ አለ። ከዚያ እስከ ጅቡቲ ወደብ ያለው የባቡር መሥመር ብቻ ከ750 ኪሎ ሜትር ያላነሰ ነው። የቀድሞው ባቡር በ1909 ዓ.ም አዲስ አበባ ሲገባ፣ አዲሱም በ2009 ዓ.ም ሲመረቅ ሐዲዱ ወደ ጅማ አልዘለቀም። ስለዚህ የቡናው ጉዞ በመኪና ጎማ ላይ የተንጠለጠለ ሆኖ ቆይቷል። የነዳጅ ዋጋ ሲጨምር፣ መለዋወጫ ሲጠፋ፣ ድልድይ ሲጎዳ፣ የመጨረሻውን ጉዳት የሚሸከመው በሰንሰለቱ ጫፍ ላይ ያለው ገበሬ ነው።

ከርቀቱ የበለጠው ችግር ግን ገበሬው በንግዱ ሰንሰለት ውስጥ የተሰጠው ቦታ ነው። በአባ ጅፋር ዘመን የሂርማታ ገበያ ስሙ የገነነ ነበር፤ ነገር ግን በዚያው ገበያ ከቡናና ከማር ጎን ሰውም እንደ ዕቃ ይሸጥ እንደነበረ መሸሸግ አይገባም። ከዚያም በኋላ የቡናው መሬት በባለርስቶች እጅ ሆኖ ጭሰኛው ከለቀመው ላይ ሲገብር ኖረ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት ያደረገው አዋጅ የጭሰኝነትን ሥርዓት አስወገደ። ሆኖም በደርግ ዘመን የቡናውን ዋጋ መንግሥት ወሰነው፤ ከውጭ ገበያ ዋጋም አብዛኛው ለገበሬው አልደረሰም። ከዚያ ወዲህ ገበያው ለግል ነጋዴ ሲከፈት ቡናው ከገበሬው ወደ ሰብሳቢ፣ ከሰብሳቢ ወደ አቅራቢ፣ ከአቅራቢ ወደ ላኪ መተላለፍ ያዘ። በ2000 ዓ.ም የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ሲቋቋምና በ2001 ዓ.ም ቡና ሲገባበት የዋጋ መረጃ ለብዙዎች ተደራሽ ሆነ፤ በአንጻሩ የአንዱ መንደር ቡና ከሌላው ጋር በደረጃ እየተደባለቀ የመነሻው ስም ይጠፋ ጀመር። ባለቤቶቹ ተፈራረቁ፤ ዋጋ የተነገረው ግን ሁልጊዜ ለገበሬው ነበር።

ታዲያ መውጫው ምንድን ነው? መልሱን ከሩቅ መፈለግ አያሻም፤ በአጋሮ ዙሪያ ይገኛል። የጅማ ቡና ለረጅም ጊዜ በዓለም ገበያ የሚታወቀው በዝቅተኛ ደረጃ ነበር። ምክንያቱ የዛፉ ዘር ወይም አፈሩ አልነበረም። የበሰለውና ያልበሰለው አብሮ ይለቀም፣ መሬት ላይ ይሰጣ፣ ጀንፈሉ እርጥበቱ ሳይወጣ ይከማች ስለነበር ነው። በጎማ ወረዳ ዱሮሚና የተባለ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ሲቋቋም አባላቱ ይህን አሠራር ለወጡ። ቀዩን እሸት ብቻ ለቀሙ፤ በዕለቱ ፈለፈሉ፤ አብላልተው አጠቡ፤ ከመሬት ከፍ ባለ አልጋ ላይ እያገላበጡ አደረቁ። በ2004 ዓ.ም የዚሁ ማኅበር ቡና ከአፍሪካ ቡናዎች ጋር ተወዳድሮ አንደኛ ወጣ። ስሙ በአፋን ኦሮሞ መበልጸግን የሚያመለክት ነው። አፈሩ ያው፣ ዝናቡም ያው ነበር፤ የተለወጠው የሰው ሥራና አደረጃጀት ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው ለዚህ ነው።

ይህ ማለት ግን ማኅበር መቋቋሙ ብቻ ይበቃል ማለት አይደለም። ድክመታችንን በግልጽ መናገር አለብን። በክረምት እህል ሲያጥረው ገና ያልደረሰ ቡናውን በአራጣ አበዳሪ ዋጋ አስቀድሞ የሚሸጥ ገበሬ ዛሬም አለ። ሒሳቡን ለአባላቱ በግልጽ የማያቀርብ የማኅበር አመራር አባላቱን መልሶ ወደ ሰብሳቢው እጅ ይገፋቸዋል። የማጠቢያ ጣቢያ ፍሳሽ ሳይጣራ ወንዝ ውስጥ ሲለቀቅ ከወንዙ በታች ያለው መንደር የሚጠጣው ይመረዛል። በቡና ማበጠሪያ ቤቶች ቀኑን ሙሉ አጎንብሰው ጥቁሩንና የተሰበረውን ፍሬ ከጥሩው የሚለዩት ሴቶች የቡናውን ደረጃ የሚወስኑ ሠራተኞች ሆነው ሳለ፣ በደመወዝ ረገድ ግን ከመጨረሻው ረድፍ ላይ ይገኛሉ። የቡና ዋጋ በእጥፍ ባደገበት ዓመት የእነርሱ የቀን ዋጋ ምን ያህል አደገ? ይህን ጥያቄ ያልመለሰ የቡና ዕድገት ሙሉ ዕድገት ሊባል አይችልም።

ሌላው ሊሠመርበት የሚገባ ጉዳይ ደኑ ነው። በ1963 ዓ.ም ገደማ ፍሬውን በዛፉ ላይ እንዳለ የሚያጠቁር በሽታ በአገራችን በታየ ጊዜ የቡናው ኢኮኖሚ ትልቅ አደጋ ላይ ወድቆ ነበር። ከጅማ ወጣ ብሎ በመልኮ የሚገኘው የምርምር ማዕከል ተመራማሪዎች ከአገሩ ቡና መካከል በሽታውን የሚቋቋሙትን ለይተው አወጡ። ዛሬ በየማሳው የሚታወቁት 74110 እና 74112 የተባሉት ዝርያዎች ስማቸው በ74 የሚጀምረው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1974 በመመረጣቸው ነው። መድኃኒቱ የተገኘው ከራሱ ከአገሩ የቡና ዘር ነው። እንግዲህ ደኑን ለከሰልና ለአጭር ጊዜ ሰብል ብሎ መመንጠር የነገውን መድኃኒት ዛሬ ማቃጠል ነው። በተጨማሪም የአውሮፓ ኅብረት በ2015 ዓ.ም ባጸደቀው ደንብ መሠረት ደን ተመንጥሮ የተመረተ ቡና ወደ ገበያው እንዳይገባ ወስኗል። የሥራ ላይ መዋያው ጊዜ ቢራዘምም፣ የእያንዳንዱን ማሳ ሥፍራ መዝግቦ መያዝ ለማኅበሮቻችን የማይቀር ሥራ ነው።

የመጨረሻው ደረጃ ቡናን ቆልቶና ፈጭቶ መሸጥ ነው። ጀርመን አንድም የቡና ማሳ ሳይኖራት ጥሬ ቡና ገዝታ፣ አዘጋጅታ ለሌሎች አገሮች በመሸጥ ትጠቀማለች። እኛ ግን ከሞላ ጎደል ጥሬውን እንልካለን። የተቆላ ቡና ቶሎ ጣዕሙን ስለሚያጣ ጥሩ ማሸጊያ፣ አስተማማኝ መጓጓዣና የታወቀ ስም ይጠይቃል፤ ስለዚህ በመፈክር ብቻ የሚገኝ ውጤት አይደለም። ነገር ግን ከምርታችን ግማሽ ያህሉን እዚሁ የምንጠጣ ሕዝብ ስለሆንን መለማመጃው ገበያ በእጃችን ነው። በኪቶ ፉርዲሳ የሚገኘው የጅማ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትም የቅርብ ኃላፊነት አለበት። የመፈልፈያ መሣሪያ ሲሰበር መለዋወጫ ከባሕር ማዶ የሚጠበቅበት፣ ማድረቂያው በደመና የሚታገትበት ሁኔታ የመሐንዲሶቻችን የመጀመሪያ ፈተና ሊሆን ይገባል።

ከዚህ ሁሉ የምንደርስበት መደምደሚያ አንድ ነው። ፀሐይ ሳለ ሩጥ፣ አባት ሳለ አጊጥ ይላል ያገሬ ሰው። ዛሬ የቡና ዋጋ ፀሐይ ወጥታለች። ይህ ገቢ በሸቀጥ ግዢና በቤት ኪራይ ንረት ሳይባክን በማጠቢያ ጣቢያ፣ በመጋዘን፣ በመንገድ፣ በማኅበራት የቁጠባና ብድር አገልግሎት፣ በለቃሚዋና በተሸካሚው ደመወዝ ላይ መዋል አለበት። የቀበሌ ነዋሪው በየስብሰባው ይህን ይጠይቅ፤ የማኅበር አባሉ ሒሳቡን ይመርምር፤ ሠራተኛው ድርሻውን ተደራጅቶ ያስከብር። ዝናቡ በብራዚል መዝነቡ አይቀርም። ያ ቀን ሲመጣ ከጅማ የሚነሳው መኪና ጥሬ ፍሬ ብቻ ጭኖ እንዳይገኝ የሚያደርገው የዛሬ ሥራችን ነው።