ከገበሬው ማሳ የወጣ መረጃ በመሳቢያ አይቅር

እንደሚታወቀው፣ የአፈር ተመራማሪ ማሳ ገብቶ ይቆፍራል፤ አፈሩን በላስቲክ ቋጥሮ ይሄዳል። ውጤቱን መልሶ የሚያይ ገበሬ ግን ጥቂት ነው። በሕዝብ ገንዘብ የሚካሄድ ምርምር ወጪው በልደታ፣ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ የሚነግደው ባለሱቅ ከሚከፍለው ግብር፣ ገበሬውም ከሚከፍለው የመሬት መጠቀሚያ የተገኘ ነው። በመሆኑም ውጤቱ የአንድ መሥሪያ ቤት የግል ንብረት ሊሆን አይገባም።

የእርሻ ምርምር ኢንስቲትዩት ከተቋቋመበት ከ1958 ዓ.ም. ወዲህ ብዙ ጉድጓድ ተቆፍሯል። ይሁን እንጂ መዝገቡ በየቦታው ተበታትኖ ሲቆይ፣ አገሪቱ ስትሠራበት የኖረችው የአፈር ካርታ በ1976 ዓ.ም. ገደማ የወጣ፣ አንድ ሳንቲ ሜትሩ 20 ኪሎ ሜትር የሆነ ነበር። አንድ ቀበሌ በዚያ ካርታ ላይ ከስንዴ ቅንጣት ብዙም አይበልጥም። የማዳበሪያውም ምክር ለረጅም ዘመን ለመረሬውም ለቀዩም አፈር አንድ ሆኖ፣ በሄክታር 100 ኪሎ ዳፕና 100 ኪሎ ዩሪያ ሲባል ኖረ።

በ2010 ዓ.ም. ግድም ተመራማሪዎች በፈቃዳቸው ተሰባስበው በየእጃቸው ያለውን የአፈርና የሰብል መረጃ ለመጋራት ተስማሙ። 20,000 ያህል የአፈር ጉድጓድ መዝገቦችም በአንድ ቋት ገቡ። ከእነዚህ ውስጥ ተጣርተው ለካርታ ሥራ የበቁት 14,681 ናቸው። በ2016 ዓ.ም. ይፋ የሆነው አዲሱ ካርታ 18 የአፈር ዓይነቶችን በ250 ሜትር ልዩነት ያሳያል። ሥራው የሚያስመሰግን ነው። ከ5,000 በላይ መዝገቦች ከካርታው ውጭ መቅረታቸው ግን ያሳስባል፤ ተለፍቶባቸዋል፣ ተከፍሎባቸዋልም። የተቆፈረበት ቦታና የአለካኩ ዘዴ በትክክል ሳይጻፍ ከቀረ፣ ጸሐፊው ጡረታ ከወጣ በኋላ ማን ያሟላዋል? የመረጃው አያያዝ መወሰን ያለበት ዶማው መሬት ሳይነካ ነው።

ስለዚህ የገበሬ ማኅበራት መሪዎች ተመራማሪውን ማሳ ከማስገባታቸው በፊት ሊጠይቁት ይገባል። መዝገቡን የሚይዘው ማነው? ለሌሎች ባለሙያዎችስ መቼ ይከፈታል? ገበሬው በሚገባው ቋንቋ ተጽፎ ለቀበሌው የሚመለሰው በየትኛው ወር ነው? ተመራማሪው ጽሑፉን እስኪያወጣ ጥቂት ጊዜ ይሰጠኝ ቢል ተገቢ ነው፤ ዐሥር ዓመት ግን ጥቂት ጊዜ አይደለም። በሌላ በኩል የገበሬው ስም፣ የይዞታው ስፋትና ያገኘው ምርት ያለፈቃዱ ለማንም ሊሰጥ አይገባም። አፈሩ ይታወቅ፣ ባለቤቱ አይገለጥ።

መልሱ ከቀኑና ከተመራማሪው መሥሪያ ቤት ስም ጋር በማኅበሩ መዝገብ ይስፈር። የመኸር ማዳበሪያ ጥያቄ ወደ ወረዳ ከመላኩ በፊትም ያ ገጽ ተገልጦ፣ የልማት ጣቢያው ሠራተኛ የምርመራውን ውጤት ለስብሰባው እንዲያነብ ይደረግ።