ሮቦት ሚስት ለምትጠብቁ ወንድሞቼ

በየሳምንቱ አንድ ቪዲዮ ይዞራል። ረጅም ፀጉር፣ ነጣ ያለ ፊት፣ የሚርገበገብ ሽፋሽፍት ያላት ማሽን ፈገግ ትላለች። ከሥሩ «የማትጨቃጨቅ ሚስት መጣችላችሁ» ተብሎ ይጻፋል። «ጥሎሽ የለ፣ አማት የለ፣ ቻርጅ ማድረግ ብቻ» የሚል ይከተላል። ከዚያ የሳቅ ምልክት ይዘንባል። አዲስ አበባ ያለውም፣ ጎንደር ያለውም፣ እዚህ ከሊማሊሞ ሥር ዛሪማ ላይ ኔትወርክ ጠብቆ የሚከፍተውም እኩል ይስቃል።

እኔ የሳይንስ ልቦለድ ወዳጅ ነኝ። ሮቦት ያለበትን መጽሐፍም ሆነ ፊልም አገኘሁ ማለት ያን ቀን እንቅልፍ የለኝም ማለት ነው። ስለዚህ ይህን ቀልድ እንደ ቀልድ ብቻ ላልፈው አልችልም። እስቲ ስለዚች «ሚስት» የምትዘረዝሩትን መልሳችሁ አንብቡት፦ ታበስላለች፣ ታጥባለች፣ አትመልስም፣ አትታመምም፣ ደመወዝ አትጠይቅም፣ ከቤት አትወጣም። ይህን ዝርዝር ሌላ ቦታም ሰምታችሁታል። ደላላ የቤት ሠራተኛ ይዞ ሲመጣ ደጃፍ ላይ ቆሞ የሚለው ነው። «ጭምት ናት፣ ዘመድ የላትም፣ አትወጣም።» እናንተ የምትፈልጉት ገረድ ነው። ሚስት የሚለው ስም የተጨመረው ደመወዙን ለማስቀረት ነው።

ነገሩ ከቃሉ ይጀምራል። «ሮቦት» የሚለውን ቃል ለዓለም የሰጠው ቼኩ ጸሐፊ ካሬል ቻፔክ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1920 ባሳተመውና በ1921 ፕራግ ላይ ለመድረክ በበቃው «አር.ዩ.አር.» በተባለ ተውኔቱ። ቃሉን ያቀበለው ወንድሙ ዮሴፍ ነበር። ሮቦታ በቋንቋቸው ገባር ለጌታው በግዴታ የሚሠራው ሥራ ነው። እኛ ጋ ለዚህ ቃል ፍለጋ አያስፈልግም፤ አያቶቻችን ሁዳድ የሚሉት አለ። ገበሬው የራሱን ማሳ ጾም አሳድሮ የጌታውን መሬት የሚያርስበት ማለት ነው። ስለዚህ ሮቦት ማለት ከመነሻው ሁዳድ አራሽ ነው። ብረትና ሽቦው በኋላ የመጣ ልብስ ነው።

በዚያው ተውኔት ውስጥ ሄለና የምትባል ሴት የሮቦት ፋብሪካውን ልትጎበኝ መጥታ አንድ ጥያቄ ታነሣለች። ሮቦቶች ፆታ ከሌላቸው ሴት ሮቦት ለምን ትሠራላችሁ? የፋብሪካው ዳይሬክተር የሚመልሰው የነጋዴ መልስ ነው፦ ገበያው ይፈልጋል፤ አስተናጋጅ፣ ሻጭና ጸሐፊ ሴት ስትሆን ሰው ለምዶታል። ከመቶ ዓመት በኋላም መልሱ አልተለወጠም። ለማንኛችንም ስልክ ደውላችሁ ካልተነሣ፣ የደወላችሁለት ሰው ሊገኝ እንደማይችል በትሕትና የምትነግራችሁ ድምፅ የማን ናት? ብትሰድቧት አትቆጣም። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ጥናት ሲሪንና አሌክሳን የመሳሰሉ የድምፅ ረዳቶች በሴት ድምፅ መሠራታቸው፣ ሴት ማለት ሲያዟት እሺ የምትል ናት የሚለውን አስተሳሰብ እንደሚያጠነክር አስጠንቅቋል። ቻፔክ ይህን ያየው ኮምፒውተር ሳይኖር ነው።

«ታዲያ ልቦለድ አይደል?» የሚለኝ አለ። ልቦለዱን ብታነቡት ኖሮ አትስቁም ነበር። ሜሪ ሼሊ ፍራንከንስታይንን እ.ኤ.አ. በ1818 ስታሳትም ሳይንቲስቱ ለፍጡሩ ሴት ሊሠራለት ይጀምራል፤ መሐል ላይ ቆራርጦ ይጥላታል። ለምን? የራሷ ሐሳብ ቢኖራትስ፣ እሷ ሳትፈጠር ወንዶቹ የተዋዋሉትን ውል እምቢ ብትልስ ብሎ ፈርቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1927 በወጣው «ሜትሮፖሊስ» ፊልም አንዲት ሠራተኞች የሚያምኗት ማርያ የምትባል ልጅ መልኳ ተሰርቆ ለማሽን ይሰጣል። ማሽኗ ሕዝቡን ታሳምፃለች፤ መጨረሻ ላይ እንጨት ተከምሮ የምትቃጠለው ያቺው ሴት መሳይዋ ናት፣ የሠሯት ወንዶች ግን ለእሳቱ አልቀረቡም። የእናንተው የ«ሮቦት ሚስት» ቀልድ ደግሞ ከ50 ዓመት በፊት መጽሐፍ ሆኗል። አይራ ሌቪን እ.ኤ.አ. በ1972 «የስቴፕፎርድ ሚስቶች» ብሎ ጻፈው፤ የአንድ ከተማ ባሎች ሚስቶቻቸውን እያስወገዱ በታዛዥ ማሽን ይተካሉ። መጽሐፉ የተጻፈው እንደ አስፈሪ ታሪክ ነው። እናንተ እንደ ምኞት ታነቡታላችሁ።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚቀርበን የሶፊያ ጉዳይ ነው። በ2010 ዓ.ም ክረምት መግቢያ ላይ ሶፊያ የተባለችው ሮቦት አዲስ አበባ መጣች። ሠሪዋ መቀመጫውን ሆንግ ኮንግ ያደረገው ሃንሰን ሮቦቲክስ ነው። ከሶፍትዌሯ የተወሰነው ግን አዲስ አበባ ላይ፣ በአይኮግ ላብስ ወጣቶች እጅ የተሠራ ነው። በጉዞዋ ፍራንክፈርት አየር ማረፊያ ላይ የአካሏ ክፍል የያዘ ሻንጣ ጠፍቶ ወሬ ሆነ። ከጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ጋር ተገናኘች። አማርኛ ትናገራለች ተባለ። የአገሬ ልጆች ኮድ ጽፈው እዚህ መድረሳቸው ያኮራኛል፤ ይህን ማንም አይወስድብኝም። ፊቷን ሲቀርጹ ግን ከአርአያዎቹ አንዷ የሆሊውዷ ኦድሪ ሄፕበርን እንደነበረች ሠሪዎቿ ራሳቸው ተናግረዋል። እኛም ወረፋ ይዘን ፎቶ ተነሣን።

ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ፣ ጥቅምት 2010 ዓ.ም፣ ሳዑዲ ዓረቢያ ሪያድ በተካሄደ የኢንቨስትመንት ጉባኤ ላይ ለሶፊያ ዜግነት መስጠቷን አስታውቃ ነበር። ሶፊያ ፀጉር የላትምና አልተሸፈነችም፤ አሳዳሪ ወንድም አልተጠየቀችም። የሳዑዲ ሴቶች መኪና መንዳት እንኳ የተፈቀደላቸው ከስምንት ወር በኋላ ነው። የእኛ እኅቶችስ? በዚያው ዓመት ሳዑዲ ፈቃድ የሌላቸው የውጭ ዜጎች ለቀው እንዲወጡ የምሕረት ጊዜ ሰጥታ፣ ጊዜው ሲያልፍ ማፈስና ማባረር ጀምራ ነበር። ከዚያ በፊት በ2006 ዓ.ም በጥቂት ወራት ውስጥ ከ150 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን አባራለች። ቤት ውስጥ የቀሩት ደግሞ በካፋላ ሥርዓት ከአሠሪያቸው ጋር የተሳሰሩ ናቸው፤ የአገሪቱ የሥራ ሕግም የቤት ሠራተኛን አይሸፍንም። እ.ኤ.አ. በ2021 ማሻሻያ ሲመጣ እንኳ የቤት ሠራተኞችን ወደ ውጭ ትቶ ነው ያለፈው።

እስቲ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። ኢትዮጵያዊ ወጣት አዲስ አበባ ላይ ኮድ የጻፈላት ሴት መሳይ ማሽን በሪያድ ዜጋ ትባላለች። በዚያው ከተማ ከደባርቅ፣ ከአዲአርቃይ፣ ከዛሪማ የሄደች ልጅ በሌላ ሰው ፈቃድ ትወጣለች፣ በሌላ ሰው ፈቃድ ትገባለች። ከሁለቱ በቻፔክ ትርጉም ሮቦት የሆነችው የትኛዋ ናት?

ወደ ሳዑዲ ብቻ ጣት ጠቁመን እንዳናልፍ ወደ ራሳችን ቤት እንግባ። የቀድሞው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 377/96 የቤት ሠራተኛን ከሽፋኑ አውጥቶ ጉዳዩ በደንብ እንደሚወሰን ተናገረ። 15 ዓመት አለፈ፤ ደንቡ ሳይወጣ አዋጁ ራሱ ተሻረ። አዲሱ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም ያንኑ ሠራተኛ ከሽፋኑ ውጭ አደረጋት። የሥራ ሰዓቷን፣ የዕረፍት ቀኗን፣ ዝቅተኛ መብቷን የምትጠይቅበት የሥራ አዋጅ የላትም። ጎንደር ከተማ ውስጥ ስንት ቤት ነው ከቆላም ከደጋም በመጣች የ14 እና የ15 ዓመት ልጅ የሚንቀሳቀሰው? ስሟን ጠይቁ፤ ብዙው ቤት «ልጅቷ» ነው የሚላት። ሮቦት ስም አወጣንላት፣ ለልጅቷ ግን ስሟን ነፈግናት።

ቋንቋችንም እዚህ ውስጥ እጁ አለበት። አማርኛ ዕቃን ሲወድ ወይም ሲያሳንስ በሴት ይጠራል፤ መኪናዋ፣ ቤቷ፣ ስልኳ እንላለን። ሴትነት በሰዋስው ውስጥ ትንሽና ተወዳጅ ማለት ሆኖ ተቀምጧል። ሶፊያም ከመጀመሪያዋ ቀን «አንቺ» ነበረች። የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም የፈጠራ አምባሳደር ብሎ የሰየማት፣ የአንድ አገር ዜጋ የተባለች እንግዳ ሆና ሳለ «እርስዎ» ያላት ሰው አልሰማሁም። ነገ በአማርኛ የምታናግሩት ማሽን ሲመጣ ደግሞ ግዱን ይመርጣል፦ «ና» ይበል ወይስ «ነይ»፣ ሐኪሙ «አለ» ይበል ወይስ «አለች»። ይህን የሚወስነው ኮዱን የጻፈው ሰውና የተማረበት ጽሑፍ ነው። በእናንተ ቀልድ ከተማረ ደግሞ መልሱን ከአሁኑ እናውቀዋለን።

አንድ የምታከብሩት ተቃውሞ አለ፣ እኔም አከብረዋለሁ። «ሮቦት መጥቶ ከሠራላት ሴቷ ራሷ አታርፍም ወይ?» ታርፋለች። ለዚህ ዛሪማ ድረስ የመጣ ማስረጃ አለ፤ የወፍጮ ቤቱ ሞተር። እናቶቻችን በወፍጮና በመጅ ጎንበስ ብለው ሌሊት የሚፈጩትን ማሽላ በደቂቃ ጨረሰው። የሴትን ወገብ ያቀና ማሽን ማለት እሱ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣዱም፣ የውኃ ፓምፑም እንዲሁ። ግን ልብ በሉ፣ ወፍጮው ሽፋሽፍት የለውም። ማንም «የማይጨቃጨቅ ወፍጮ» ብሎ ፎቶ አልተነሣበትም። ሸክም የሚያነሡት ማሽኖች ፊት የላቸውም፤ ፊት የተሰጣቸው ደግሞ እስካሁን ከማንም ጀርባ ላይ አንድ እንስራ አላወረዱም። ስለ ሴት ዕረፍት የምታስቡ ከሆነ ጥያቄያችሁ ስለ ኤሌክትሪክና ስለ ውኃ ይሁን፤ እሱ ላይ አብረን እንጮሃለን።

ለእኛ ለሳይንስ ልቦለድ ወዳጆችና ጸሐፊዎችም አንድ ነገር አለኝ። እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣውና ኢትዮጵያ ውስጥ በተቀረጸው የስፔናዊው ሚጌል ያንሶ ፊልም «ክራምብስ» ውስጥ ዓለም ከጠፋ በኋላ መንኮራኩር ሰማይ ላይ ተንጠልጥሎ እናያለን። ፊልሙን እወደዋለሁ። ግን ዳንኤል ታደሰ የሚጫወተው ሰው መንገድ ወጥቶ ዓለምን ሲያቋርጥ፣ ሰላም ተስፋዬ የምትጫወታት ሴት ቤት ቀርታ ትጠብቀዋለች። ዓለም ጠፍቶ እንኳ ሴቷ ቤት ጠባቂ! አሲሞቭ እኮ እ.ኤ.አ. በ1950 ባሳተመው «አይ፣ ሮቦት» መጽሐፉ የሮቦቶችን ጭንቅላት የምትመረምረውን ሱዛን ካልቪንን መሐል ላይ አስቀምጧታል። ሶፊያ አዲስ አበባ በመጣችበት ዓመት «ብላክ ፓንተር» ሹሪን አሳየን፤ የአገሯን ቴክኖሎጂ የምትመራ ጥቁር ልጅ።

እውነተኞቹስ? አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገችው ትምኒት ገብሩ ከጆይ ቡላምዊኒ ጋር በዚያው በ2018 (እ.ኤ.አ.) ባወጣችው ጥናት፣ የታላላቅ ኩባንያዎች ፊት አንባቢ ፕሮግራሞች ፆታ ሲለዩ በነጣ ያሉ ወንዶች ላይ ከ0.8 በመቶ ያልበለጠ ሲሳሳቱ፣ በጠቆሩ ሴቶች ላይ ስሕተቱ እስከ 34.7 በመቶ እንደሚደርስ አሳየች። ማለትም እኛ ሴት የምትመስል ማሽን ለማየት ስንጋፋ፣ ማሽኖቹ የእኛን ሴቶች ሴት መሆናቸውን እንኳ አይለዩም ነበር። ይህን ያጋለጠችው የአዲስ አበባ ልጅ ናት። ሌላዋ የአዲስ አበባ ልጅ ረድኤት አበበ ከእሷ ጋር በዘርፉ ያሉ ጥቁር ባለሙያዎችን የሚያሰባስበውን ማኅበር መሥርታለች። ሐረር የተወለደችው ቤተልሔም ደሴ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለች በአይኮግ ውስጥ ሆና ለልጆች ኮድ ታስተምር ነበር። የሶፊያን ስም የማያውቅ የቴሌግራም ተጠቃሚ ጥቂት ነው። የእነዚህን ሦስቱን ስም ከእናንተ ውስጥ ስንቱ ያውቃል?

ስለዚህ የምለው ይህ ነው። ጸሐፊዎች ሆይ፣ ከሊማሊሞ ሥር የበቀለች፣ የተበላሸ ማሽን ፈትታ የምትገጥም፣ ስም ያላት ልጅ ጻፉልን። ሕግ አውጪዎች ሆይ፣ ለቤት ሠራተኛ በ1996 ዓ.ም ቃል የተገባላትን መብት በወረቀት አውጡላት። ቪዲዮውን ለምትልኩት ወንድሞቼ ደግሞ፣ ዛሬ ማታ እራት ስታቀርብላችሁ የልጅቷን ስም ጠይቋት። ትምህርት ቤት ትሄዳለች ወይ በሏት። እሁድ ታርፋለች ወይ በሏት። መልሷን ከሰማችሁ በኋላ ያ ቪዲዮ አሁንም የሚያስቃችሁ ከሆነ፣ ያኔ እንከራከር።