መርዝ ወይስ መርፌ?

በአዊ ዞን ካሉት ከተሞች በአንዷ ነበርኩ፤ ስሟን ልተወው። ማለዳ ሻይ ቤት በር ላይ ተቀምጬ ሳለ፣ አጠገቤ የነበሩ አንድ አባት «ጭር ማለቱን አየህ ልጄ? ማታ ውሾቹን መርዝ አበሏቸው» አሉኝ። ከሞቱት አንዱ የእርሳቸው ነበር፤ በጎቻቸውን ከጅብ ሲጠብቅ የኖረ።

«ተከትቦ ነበር?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ውሻ ደግሞ ምን ይከተባል? በሬዎቼን ግን አስከትቤያለሁ።»

አዘንኩላቸው። ጸቤ ግን መርዙን ካበላው ጋር ብቻ አይደለም፤ ከእርሳቸውም ጋር ነው።

እስቲ እንነጋገር። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳኛ የለውም ማለት ይቻላል። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት በዓለም ላይ በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰው ይሞትበታል የሚል ነው። ከመቶው ዘጠና ዘጠኙ ከውሻ የመጣ ነው፤ ከአሥር ሟቾች አራቱ ደግሞ ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። አገራችንም በሽታው ከጸናባቸው አንዷ ናት። የሚያንገበግበው ይህ ሁሉ ሊቀር የሚችል ሞት መሆኑ ነው። ሉዊ ፓስተር በውሻ የተነከሰውን ልጅ ከትቦ ያዳነው እኮ እ.ኤ.አ. በ1885 ነው፤ ከዓድዋ ድል አሥራ አንድ ዓመት በፊት!

«ታዲያ ምን ይደረግ? ውሻው በዛ» የሚሉ አሉ። መርዝ ጤነኛውን ከታመመው፣ የተከተበውን ካልተከተበው አይለይም። ያለቁትን ለመተካት ከሌላ ሰፈር ያልተከተበ ውሻ ይመጣል፤ የተረፉትም ይወልዳሉ። በሽታውን የሚያቆመው ከመቶ ውሻ ቢያንስ ሰባውን መከተብ ነው። ሜክሲኮ ዓመት ከዓመት ውሾቿን ከትባ፣ ከውሻ የሚመጣውን የሰው ሞት ማስወገዷን የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 አረጋግጦላታል።

አሁን ወደ ባለውሻው ልምጣ። ለአዊ ሰው እንስሳ ማክበርን ማንም አያስተምረውም። ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ ፈረሱ ተሸልሞ ሲወጣ ያየ ያውቀዋል። የፈረሰኞቹ ማኅበር የዓድዋን ፈረሶች ውለታ አልረሳም። ታዲያ የሌሊት ዘበኛችን ምን በደለ? የእንስሳት ሐኪም ለበሬው ሲመጣ፣ ውሻው ደጅ ተኝቶ ያያል። «ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል» እንላለን፤ እዚህ ላይ ግን ቀዳጆቹ እኛው ነን። ያልተከተበ ውሻ ያበደ ዕለት የጠበቀውን በሬም ሆነ አብሮት ያደገውን ልጅ አይለይም።

የምለው ቀላል ነው። ለመርዝ የሚወጣው ገንዘብ ለክትባት ይዋል። ከዳንግላ እስከ እንጅባራ ለፈረስ በዓል ሕዝብ የሚጠሩ ሽማግሌዎች፣ በዓመት አንድ ቀን ለውሻና ለድመት ክትባትም ይጥሩ። አዎ፣ ለድመትም! ድመትም በበሽታው ትያዛለች፣ ታስይዛለች። የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያው በውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ ይጠብ፤ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ጠበል የሚሄድም ይሂድ፤ መርፌውን ግን አያስቀር።

እኚያ አባት ስንለያይ «እንግዲህ ሌላ ቡችላ ልፈልግ» አሉኝ። ቡችላው ሦስት ወር ሲሞላው ማን ይቀድመዋል? መርፌው ወይስ መርዙ? መልሱ የእርሳቸው ብቻ አይደለም።