ቮልስን የሚገድላት «ኦሪጅናል» የሚለው ቃል ነው

ቮልስ የሚወድ ሰው ሁሉ አንድ ቃል ይወዳል፤ ኦሪጅናል። ቀለሟ ኦሪጅናል፣ ወንበሯ ኦሪጅናል፣ ሞተሯ ያልተነካ። ሻጭ ቃሉን ሲናገር ዋጋ ይጨምራል፣ ገዢ ሲሰማው ልቡ ይቀልጣል። ታዲያ አንዱ ወጣት ተነስቶ «ፑንቲናዋን አውጥቼ ኤሌክትሮኒክ ላስገባላት ነው» ያለ እንደሆነ ጉድ ይፈላል። «ታሪክ አታበላሽ!» «ነፍሷን ልታወጣ ነው!» መኪናዋን ሊያቃጥላት የተነሳ ነው የሚመስለው።

እኔ ደግሞ ፑንቲናዋ ትውጣ ባይ ነኝ። «አትንኳት» የሚሉት ሰዎች ቮልስን የሚያድኗት እየመሰላቸው ሸራ አልብሰው እየቀበሯት ነው።

መጀመሪያ ነገርዬው ምን እንደሆነ እንነጋገር። የቤንዚን ሞተር እሳት ይፈልጋል። ከባትሪ የሚመጣው 12 ቮልት፣ በጥንቶቹ ቮልሶች ደግሞ 6 ቮልት፣ ካንዴላ ጫፍ ላይ እሳት ለማስዘለል አይበቃም። ስለዚህ መሃል ላይ ኮይል አለ። ፑንቲናዋ ተዘግታ ሳለች ኮይሉ ኃይል ያጠራቅማል፤ በተከፈተችበት ቅጽበት ያ ኃይል በሺዎች የሚቆጠር ቮልት ሆኖ ወደ ካንዴላው ይሄዳል። በቃ ይኸው ነው። ፑንቲና ማለት ማብሪያ ማጥፊያ ናት። ግን ሥራዋ ቀላል እንዳይመስላችሁ፤ ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር እሷ 6,000 ጊዜ ትከፈታለች፣ ትዘጋለች። በሴኮንድ 100 ጊዜ መሆኑ ነው።

እንዲህ የሚሠራ ነገር ያልቃል። በተከፈተች ቁጥር ትንሽ ብልጭታ ፊቷን ይበላታል፤ ኮንደንሰሩ ከደከመ ደግሞ ጭራሽ ያቃጥላታል። ዘንጉ ላይ የምትፋተገው እግሯም ትበላለች። እግሯ ስትበላ 0.4 ሚሊ ሜትር መሆን ያለበት ክፍተት ይጠባል፣ ክፍተቱ ሲጠብ እሳቱ ይዘገያል። እሳቱ የዘገየባት መኪና ጉልበት የላትም፣ ቤንዚን ትጠጣለች፣ ትግላለች። ቮልስ ደግሞ የምትቀዘቅዘው በአየር ነው፤ ራዲያተር የሚባል ነገር የላትም። ያን ሙቀት የሚከፍለው ሞተሯ ነው።

ድሮ ይሄ ችግር አልነበረም። መኪናዋ በቀጠሮዋ ጋራዥ ትገባለች፣ መካኒኩ ፑንቲናውን ይለካል፣ ካለቀ ይቀይራል። የመጨረሻዋ ቮልስ ሜክሲኮ ውስጥ ከፋብሪካ የወጣችው ግን በሐምሌ 1995 ዓ.ም. ነው። ዛሬ ሶማሌ ተራ ገብቶ ደህና ፑንቲናና ደህና ኮንደንሰር መፈለግ ራሱን የቻለ ሥራ ሆኗል። የማይነሳ መኪና ደግሞ መጀመሪያ ለሳምንት ይቆማል፣ ከዚያ ለወር፣ ከዚያ ሸራ ይለብሳል።

ኤሌክትሮኒኩ የሚያደርገው እንዲህ ነው። ፑንቲናዋ በነበረችበት ቦታ፣ ዲስትሪቢዩተሩ ክዳን ሥር፣ አንዲት ትንሽ ሳጥን ትቀመጣለች። ዘንጉ ላይ ማግኔት ያለው ቀለበት ይጠልቃል። ማግኔቱ ሲያልፍ ሳጥኗ ታውቃለች፣ ሳትነካው ኤሌክትሪኩን ትቆርጠዋለች። የሚፋተግ የለም፣ የሚበላ የለም። ሁለት ሽቦ፣ አንዱ ለኮይሉ ፖዘቲቭ፣ አንዱ ለኔጌቲቭ። ክዳኑ ሲመለስ የሚታየው ለውጥ ሁለቱ ሽቦዎች ብቻ ናቸው። ምንም አልተቆረጠም፣ ምንም አልተበየደም። ነገ ብትፈልጉ የድሮዋን መልሳችሁ ትገጥማላችሁ። ታሪክ የተበላሸው የቱ ጋ ነው?

ታሪክ ካነሳን ደግሞ፣ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ጃንሆይን ከቤተ መንግሥታቸው ያወጧቸው በቮልስ ነው። ያን ቀን የሚያወራ ሰው ሁሉ የሚደነቀው በመኪናዋ ትንሽነት ነው። ንጉሠ ነገሥት በቮልስ! ስለ ፑንቲናዋ ያወራ ግን እስካሁን አልገጠመኝም።

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ እዚህ አገር ቮልስ የኖረችው ኦሪጅናል ስለሆነች አይደለም። የሌላ መኪና ኮይል ተገጥሞላት፣ ሽቦዋ በፕላስተር ተጠቅልሎ፣ ወንበሯ መርካቶ ተሰፍቶ ነው እዚህ የደረሰችው። የኖረችው በባለሙያ ብልሃት ነው። «ያልተነካ» የሚለው ቋንቋ መኪና ለጨረታ ከሚያሳድጉ ሀብታሞች የተዋስነው ነው። እነሱ መኪናቸውን አይነዷትም፤ እኛ ግን ገብርኤልን በእሷ መሳለም፣ ልጅ በእሷ ከትምህርት ቤት ማምጣት እንፈልጋለን።

አንድ ጠንካራ ክርክር ግን አላቸው፣ እሱን አልሸሽም። ፑንቲና ስትታመም ታስጠነቅቃለች። መኪናዋ ትንተፋተፋለች፣ ጠዋት አልነሳም ትላለች። መንገድ ላይ ብትቆምም በካቻቢቴና በብርጭቆ ወረቀት ነፍስ ዘርቶባት ቤት የሚገባ አለ። ኤሌክትሮኒኳ ግን የሞተች ዕለት ሞተች፤ አትጠገንም። ሞተሩ ጠፍቶ ቁልፉ እንደተከፈተ ቢረሳ ልትቃጠል ትችላለች። ሽቦ ያገላበጠባትማ ወዲያው ይቀብራታል። የማይስማማ ኮይልም ይገድላታል።

ይሄ ሁሉ ልክ ነው። መልሱ ግን ቀላል ነው። የወጣችውን ፑንቲና ከነኮንደንሰሯ አትጣሉ። በፌስታል ጠቅልላችሁ ከካቻቢቴ ጋር ዳሽቦርዱ ኪስ ውስጥ አስቀምጡ። መቀየሩንም ቤት ሳላችሁ አንዴ ተለማመዱት። መንገድ ላይ ያለ መለዋወጫ የሚወጣ ሰው በፑንቲናም ይቆማል።

ሻጮቹንም አልምራቸውም። «እሳቱ ስለሚበረታ ጉልበት ይጨምራል» ይሏችኋል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው ያለችው፤ አየሯ ከባሕር ጠረፍ አየር በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ሲሊንደር ውስጥ የሚታመቀው አየር ሲሳሳ ደግሞ እሳቱ ለመዝለል የሚፈልገው ቮልት ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። አየር የወሰደውን ጉልበት ሳጥን አይመልስም። የምትመልሰው ያረጀችው ፑንቲና የሰረቀችውን ብቻ ነው፤ እሱም ቀላል አይደለም።

ከዚህ በፊትም በ«ማሻሻል» ስም ተሸውደናል። ቦሽ 009 የሚባለውን ዲስትሪቢዩተር አስታውሱ። ቫክዩም የለውም፤ ርካሽ ነው፣ ቀላል ነው ተብሎ በየአገሩ በስንት ቮልስ ላይ ተገጠመ። ከዚያ ቤንዚን ሲረገጥ መኪናዋ ለአፍታ ታስባለች፤ ሰው ደግሞ ካርቡራተሩን ይፈታል። ጥፋቱ ሌላ ቦታ ነው።

ስለዚህ ሳጥኗን ገዝቶ በቪዲዮ መግጠም ብቻውን ሥራ አይደለም። የዲስትሪቢዩተሩ ዘንግ ከላላ፣ ውስጥ ያሉት ክብደቶች በዝገት ከተያዙ፣ ክዳኑ ከተሰነጠቀ፣ ኤሌክትሮኒክ ምንም አታደርግላችሁም። ታይሚንጉም በመብራት መታየት አለበት። ይህን የሚያውቁት እጃቸው በግራሶ የጠቆረ አዛውንት መካኒኮች ናቸው። «ጋሼ፣ አብረን እንየው» በሏቸው፤ የእጃቸውንም ሳትከራከሩ ክፈሉ። እነሱ ከሄዱ ኦሪጅናሏም ኤሌክትሮኒኳም እኩል ይቆማሉ።

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ መኪና ወደ አገር ማስገባት ተከልክሏል። በእጃችን ያሉት ቮልሶች በእጃችን ያሉት ብቻ ናቸው። የምትነዳ ቮልስ መካኒክ ታበላለች፣ ለልጁም ሙያውን ታስተምራለች። ሸራ ሥር ያለችው ለማንም ምንም አታደርግም፤ ኦሪጅናል ሆና ትዝጋለች። ያለው ሰው ቅዳሜ ሸራውን ይግለጥ፣ የሞተሩን ኮፈን ይክፈት፣ ፑንቲናዋን አውጥቶ ፊቷን ይመልከት። ከዚያ ታሪክ ስለማበላሸት እንከራከራለን።